ሳይለካ ሞተር አይከፈትም፦ ለልጄ ስለ ኮሮላዋ

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ቀድተሽ የላክሽልኝን የሞተር ድምፅ ኮፈኑ አጠገብ የቆምሁ ያህል ደጋግሜ አዳመጥሁት። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጡት) ሲሠራ ምቱ በእኩል ርቀት አንድ ጊዜ ይጎድላል፤ ሦስቱን መትቶ አንዱን ይዘላል፣ እንደገናም እንዲሁ ያደርጋል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትመለሺ የሐረጎ ዳገት ላይ ጉልበት እንደሚያጣ፣ የጋራዡ መካኒክም ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት) ለክተው «ወርዷል፣ ሞተሩ መከፈት አለበት» እንዳሉሽ ጽፈሽልኛል። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ከሞተሩ አራት ሲሊንደሮች የማይሠራው የትኛው እንደሆነ፣ እሱም የጎደለው እሳት፣ ነዳጅ ወይስ ኮምፕሬሽን መሆኑ ተለይቶ ሳይታወቅ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) አይነሣ፤ አዲስ ዕቃም አትግዢ።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1982 ምርት ናት፤ ሞተሯም 4ኬ የሚባለው፣ ባለ 1,290 ሲሲ፣ በካርቡራተር የሚሠራ ነው። ኮምፒውተር ስለሌላት ጥፋቱን በመሣሪያ አንብቦ የሚነግርሽ የለም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ክፍል በእጅና በዓይን የሚመረመር በመሆኑ፣ በሥርዓት ለሚፈልገው ሰው ከአዳዲሶቹ ይልቅ ትቀላለች። ምቱ በየተራው መጉደሉም ፍለጋውን ያጠብብልናል። ኮይሉ (የእሳቱ ምንጭ)፣ ፑንቲናው (የኮይሉን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠው) ወይም ነዳጁ ቢበላሽ ኖሮ፣ አራቱም የሚጋሩት ነገር ስለሆነ፣ ሞተሩ አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ እየሳተ ይንገጫገጭ ነበር። የአንቺ ግን ያው አንዱ ሲሊንደር ነው ብዬ አምናለሁ።

እሱን ለመለየት ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የአንደኛውን ሲሊንደር የካንዴላ (እሳት የሚረጨው ዕቃ) ገመድ ንቀይ፤ አንደኛው በራዲያተሩ በኩል ያለው ነው። የተነቀለው ገመድ ጫፍ ላይ ትርፍ ካንዴላ ሰክተሽ የካንዴላው ብረት የሞተሩን ብረት እንዲነካ፣ ከካርቡራተሩም እንዲርቅ አድርጊና አስነሺው፤ ገመዱ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ከቀረ እሳቱ መውጫ አጥቶ ኮይሉን ሊጎዳ ይችላል። ሞተሩ እየሠራ ገመዱን በእጅሽ ፈጽሞ አትንኪ። ሞተሩ ከበፊቱ የባሰ ከተንቀጠቀጠ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር ማለት ነው፤ አጥፍተሽ መልሺና ወደሚቀጥለው እለፊ። ገመዱ ሲነቀል ምንም ለውጥ የማያመጣው ሲሊንደር የምንፈልገው እሱ ነው።

ከዚያ የእሱን ካንዴላ ፈትተሽ በብርሃን ተመልከቺው። ጫፉ ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። በቤንዚን ረጥቦ ከወጣ ነዳጁ ደርሷል፣ የጎደለው በአብዛኛው እሳቱ ነው። በዘይት ከተለወሰ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የቫልቭ (የሲሊንደሩ መዝጊያ) መምሪያ አልቋል። በደረቅ ጥላሸት ከጠቆረ ነዳጁ በዝቷል፤ አራቱም እንዲህ ከጠቆሩ ጉዳዩ የካርቡራተር ወይም የታፈነ የአየር ማጣሪያ ነው። በደሴ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር ነዳጅ ያበዛል፤ ስለዚህ መጠነኛ ጥቁረት አያስደንግጥሽ።

አዲስ ካንዴላ ከመግዛትሽ በፊት የዚህን ሲሊንደር ካንዴላና የጎረቤቱን አለዋውጪያቸው። ጥፋቱ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ነገሩ አለቀ። ካልሄደ የገመዱን የኤሌክትሪክ መቋቋም በኦም መለኪያ ለኪው፤ የቶዮታ የጥገና መጽሐፍ ለአንድ ገመድ ከ25 ኪሎ ኦም በላይ አይፈቅድም። ሲመሽ፣ ጨለማ ቦታ ላይ ኮፈኑን ከፍተሽ ሞተሩን አስነሺውና ትኩር ብለሽ እዪ፤ የተሰነጠቀ ገመድ ላይ ቀጭን ሰማያዊ እሳት ወደ ብረቱ ሲዘል በግልጽ ይታያል። የዲስትሪቢዩተሩንም (እሳቱን ለአራቱም የሚያከፋፍለውን) ክዳን አንሥተሽ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ፤ ከአንዱ የናስ ጫፍ ወደ ሌላው የተሰመረ የፀጉር ያህል ጥቁር መስመር ካየሽ እሳቱ በዚያ እየሸሸ ነው። በክረምት እርጥበት ሲገባበት ይህ በጣም ይበዛል። ገመዶቹን ስትመልሺ የእሳቱ ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 መሆኑን አትርሺ።

እሳቱ ደኅና ሆኖ ከተገኘ ካርቡራተሩ ከሥር የተቀመጠበትን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) እና ወደ ፍሬን የሚሄደውን የአየር ጎማ ይዩልሽ። በዚያ አየር የሚስብ ሞተር ሚኒሞ ላይ ይስታል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ግን ይሻለዋል፤ የአንቺ ዳገት ላይም ስለሚስት ይህን ብዙም አልጠረጥርም።

አሁን ወደ ኮምፕሬሽኑ ልምጣ፤ በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነውና። መካኒኩ በካሬ ሴንቲሜትር 9 ኪሎ ገደማ አግኝተው ከመጽሐፍ ቁጥር ጋር አስተያይተውት ከሆነ፣ ንጽጽሩ ትክክል አይደለም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፣ ሲሊንደሩም የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ብቻ ነው። ዝቅ ባለ ቦታ 12 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ደሴ ላይ 9 ቢያሳይ ምንም አልሆነም። ትልቁ ጥያቄ የአራቱ ልዩነት ነው፤ ከአንድ ኪሎ ሊበልጥ አይገባም። ስለዚህ ሞተሩ ሞቆ፣ ባትሪው ሞልቶ፣ ለኮይሉ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ቀጭን ገመድ ተነቅሎ፣ አራቱም ካንዴላዎች ወጥተው፣ የነዳጅ መርገጫውም እስከ ታች ተረግጦ እንደገና ይለካ፤ አንዱ ካንዴላ ብቻ ወጥቶ ወይም መርገጫው ሳይረገጥ የተለካ ቁጥር ያሳስታል። «እባክዎን የአራቱንም ልኬት ለየብቻ ይጻፉልኝ» በያቸው፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይህን ቢጠየቅ አይቀየምም።

አንዱ ብቻ እጅግ ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ተጨምሮ ይደገም። ከፍ ካለ ፋሻው ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቩ ነው፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ እኩል ከወረዱ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ተበልቷል። ቫልቩ ነው ከተባለም ቴስታታው ከመነሣቱ በፊት የቫልቮቹ ክፍተት ይለካ። በዚህ ሞተር ሲሞቅ ለማስገቢያው 0.20፣ ለማስወጫው 0.30 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ ክፍተቱ ጠብቆ በደንብ የማይዘጋ ቫልቭ ኮምፕሬሽን ያፈስሳል፣ ቶሎ ከተደረሰበት ግን በካቻቢቴና በቁልፍ ብቻ ይስተካከላል። ብዙ ሞተር ይህች ልኬት ተዘልላ ሳይገባው ሲከፈት አይቻለሁ።

አራቱን ቁጥሮች ከራዲያተሩ በኩል ጀምረሽ በቅደም ተከተል ጻፊና የካንዴላዎቹን ፎቶ ጨምረሽ ላኪልኝ። እስከዚያው መኪናዋን አትንጃት፤ ሳይቃጠል የሚቀረው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እያጠበ ወደ ታች ስለሚወርድ ደኅና የነበረውን ፋሻ ይበላዋል። የዘይት መለኪያውን አውጥተሽ አሽትቺው፤ ቤንዚን ቤንዚን የሚል ከሆነ ጥገናው እንዳለቀ ዘይቱን ቀይሪው።

አባትሽ