የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ፊልሙ፣ ጉድጓዱና ክሱ

ችግኝ ተከላውና የግቢ ጽዳቱ እንደየዓመቱ ተካሂዷል። ዘንድሮ ግን የክበቡን ጊዜ የወሰደው እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የጆ በርሊንገር ዘጋቢ ፊልም «ክሩድ» ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ፊልሙ የሚከተለው በኢኳዶር አማዞን የኮፋን፣ የሲዮናና የሴኮያ ሕዝቦች ከሰፋሪ ገበሬዎች ጋር ሆነው በነዳጅ ብክለት የተነሣ የመሠረቱትን ክስ ነው። የተከሰሰው የአሜሪካ ነዳጅ ኩባንያ ቴክሳኮ እዚያ በ1964 ሥራ ጀምሮ በ1990 የማስተዳደሩን ኃላፊነት ለኢኳዶር መንግሥት ነዳጅ ድርጅት ለፔትሮኤኳዶር አስረከበ፤ በ2001 ደግሞ ቴክሳኮን ሌላው ነዳጅ ኩባንያ ሼቭሮን ገዛው። በ1993 ኒውዮርክ የቀረበው ክስ «ኢኳዶር ይታይ» ተብሎ ስለተዘጋ በ2003 በኢኳዶሯ ከተማ ላጎ አግሪዮ እንደገና ተከፈተ።

ፊልሙ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ስለሚረዝም በሦስት ከፍሎ ማሳየት ይሻላል። የግርጌ ጽሑፉ እንግሊዝኛ በመሆኑ የ9ኛ ክፍል አባላት አንብበው ሳይጨርሱ ያልፋቸዋል። ስለዚህ ማን የከሳሽ ጠበቃ፣ ማን የኩባንያው ሰው፣ ማን ዳኛ እንደሆነ የሚገልጽ አንድ ገጽ በአማርኛ አስቀድሞ ይታደላል።

ተመልካች ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው የነዳጅ ዝቃጭ የተጠራቀመበት ጥቁሩ ጉድጓድ ላይ ነው። ከነዳጁ ጋር አብሮ የሚወጣውን ጨዋማ ውሃ ግን ልብ የሚለው የለም። ይህ ውሃ ተመልሶ ወደ መሬት ጥልቀት መገፋት ሲገባው በየጅረቱ ይለቀቅ ነበር፤ ከሳሾቹ መጠኑን በቢሊዮን ጋሎን ይቆጥሩታል። ጨዋማው ውሃ ሳይታይ በመሬት ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ለማሳየት የሁለት ሊትር ሃይላንድ ቂጡ ተቆርጦ ይዘቀዘቃል፤ ክዳኑ ተበስቶ ሻሽ ይደረግበትና 5 ሴንቲ ሜትር ጠጠር፣ በላዩ 15 ሴንቲ ሜትር የታጠበ አሸዋ ይሞላል። አሸዋው ከታች እስኪንጠባጠብ በውሃ ይርሳል፤ ደረቅ ከሆነ የሚፈስበትን ሁሉ ጠጥቶ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ጠርዙም ይጠቅጠቅ፤ አለዚያ ውሃው በግድግዳው ሾልኮ ይወርዳል። ቀጥሎ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨው የሟሟበት ግማሽ ሊትር ውሃና አንድ ሲኒ የተቃጠለ ዘይት ይፈስበታል። ዘይቱ ላይ ይቀራል፤ ከታች የሚወርደው ከሞላ ጎደል ንጹሕ ይመስላል። ሁለት ሚስማር፣ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ 470 ኦም ሬዚስተርና ትንሽ የኤልኢዲ መብራት በተርታ ተያይዘው ሚስማሮቹ ሲነከሩበት ግን፣ ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ መብራቱ ቦግ ይላል። ማነጻጸሪያ እንዲኖር ጨው ከመግባቱ በፊት የወረደውም ይለካ። ሁለተኛ ጠርሙስ አሸዋው ላይ ፌስታል ተነጥፎበት ይዘጋጃል፤ እዚያኛው ምንም አይወርድም። የአማዞኖቹ ጉድጓዶች ይህ ንጣፍ አልነበራቸውም። መቅመስ ክልክል ነው፣ ጓንት ግዴታ ነው፤ ዘይቱም ወደ ጋራዥ ይመለሳል እንጂ ቱቦ ውስጥ አይደፋም።

ፊልሙ ሲያልቅ ክሱ አላለቀም፤ እኔ እንደማምነው ቀሪውን ሳይነግሩ ፊልሙን ብቻ አሳይቶ መበተን ተማሪን ማሳሳት ነው። የላጎ አግሪዮ ፍርድ ቤት በ2011 ኩባንያው ካሳ እንዲከፍል ፈረደ፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ችሎትም በ2013 መጠኑን 9.5 ቢሊዮን ዶላር ላይ አቆመው። በመካከሉ፣ በ2010፣ ኒውዮርክ ያሉት ዳኛ ሉዊስ ካፕላን በርሊንገር ከ600 ሰዓት በላይ የሚሆነውን ጥሬ ቀረጻ እንዲያስረክብ አዘዙ፤ ይግባኝ ሰሚው ትእዛዙን አጠበበው። በከሳሽ ጠበቆች ጥያቄ ከፊልሙ ተቆርጦ የቀረ ትዕይንት መኖሩም ተገለጠ። ካፕላን በ2014 ፍርዱ በማጭበርበርና በጉቦ የተገኘ ነው አሉ፤ ይግባኝ ሰሚው በ2016 አጸናው፣ የሄግ የግልግል ጉባኤም በ2018 ለኩባንያው ወሰነ። አባላቱን ከሁሉ ይልቅ ያከራከረው ይህ ነበር፤ ግማሹ «እንግዲያው ብክለት የለም ማለት ነው» አለ። አይደለም። ካፕላን የዳኙት ፍርዱ እንዴት እንደተገኘ እንጂ በአማዞን የሆነውን አይደለም።

በመጨረሻ ናሙና አቤቱታ ተጻፈ። የኢትዮጵያ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ የራሱ ጥቅም መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው፣ ለአካባቢ ባለሥልጣን አቤት እንዲል ይፈቅዳል፤ በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ብዙ ወረቀት የተመለሰው «ፋብሪካው ወንዛችንን ገደለው» ብሎ ስለጀመረ ነው። የተቀበልናቸው ቀን፣ ሰዓት፣ የቱቦውን ቦታ፣ የውሃውን ቀለምና ሽታ፣ ናሙናውን ማን እንደቀዳና በምን ዕቃ እንደያዘ የጻፉትን ነው።