የምስጋና መልእክት፦ ካርታዎቼን ከጭቃ ላወጣችሁልኝ ሁሉ

አስቀድሜ ያ ሌሊት ነፍስ ሳይጠፋበት እንዲያልፍ ላደረገ ፈጣሪ ምስጋና ይግባው። የነሐሴው ጎርፍ ምን እንዳደረሰብን ከጦሳ ግርጌ ያለው ሰፈራችን አሳምሮ ስለሚያውቀው አልተርከውም። የቤቴ ግድግዳ ተጠግኗል፤ አልጋውም ብርድ ልብሱም በሰው ደግነት ተተክቷል። ወደዚያ እመለሳለሁ። በቅድሚያ የምናገረው ግን ስለ ካርታዎቼ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰበሰብኋቸው የመጫወቻ ካርታዎች ከነሳንዱቃቸው ተወስደው ጭቃ ውስጥ ሲገኙ፣ እህሉንና ልብሱን ያጣ ሰው በተሰበሰበበት ደጅ፣ “ተወው፣ ወረቀት ነው” ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። አንድም ሰው። ይህ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

እማማ ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ አልፈቀዱም። “ለአላህ ብዬ የሠራሁትን ለሰው አታውራብኝ” ብለውኛል። ስማቸውን ትቼ ሥራቸውን ብጽፍ ይቅር እንደሚሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ዝም ብል ግን ለራሴ ዕረፍት አላገኝም። የሰፈሩ ሰው ያውቃቸዋል። ቤታቸው ከእኔ ቤት በታች ነው። የሰው ችግር ሲሰሙ ቡናቸውን አፍልተው ጎረቤቱን ሰብስበው ዱዓ የሚያደርጉ እናት ናቸው።

እኒህ እናት በዕድሜያቸው ካርታ በእጃቸው ነክተው አያውቁም ነበር። ቁማር በቤታቸው ስሙም አይነሣም። ካርታ በእኛ አገር ከቁማር ጋር ተያይዞ ስሙ የጠፋ ዕቃ ነው፤ እኔም “መምህር ሆነህ እንዴት ካርታ ትሰበስባለህ?” ተብዬ ብዙ ጊዜ ተጠይቄአለሁ። በዚያ ጠዋት እማማ በራፌ ላይ ቆመው ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ ስለቅም አዩኝ። “ልጄ፣ እነዚህ ገንዘብ የሚበሉባቸው ናቸው?” አሉኝ። “አይደሉም እማማ፤ አንድ ቀን እንኳ ገንዘብ አልተያዘባቸውም። ሥዕላቸውንና ታሪካቸውን ወድጄ ነው የማኖራቸው” አልኋቸው። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም። ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩ፣ የልጅ ልጃቸውን ልከው ትልቁን ሰፌድ አስመጡ፣ “በል አምጣ” አሉኝ።

ያደረጉትን በትክክል ለመረዳት ካርታ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ጥሩ ካርታ አንድ ወፍራም ወረቀት ሳይሆን ሁለት ስስ ወረቀት ተጣብቆ የተሠራ ነው። በመካከል የሚገባው ሙጫ ብዙ ጊዜ ጥቁር ነው፤ ብርሃን አሳልፎ ፊቱን በጀርባው በኩል እንዳያሳይ ነው። ውሃ ሲገባበት ሙጫው ይለቃል፣ ሁለቱ ወረቀቶች ይላቀቃሉ። ከዚህ የከፋው ደግሞ የአንዱ ካርታ ፊት ከሌላው ጀርባ ጋር መጣበቁ ነው፤ በችኮላ የተጎተተ እንደሆነ የንጉሡ ፊት በጎረቤቱ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። የፕላስቲኮቹን ውሃ ምንም አላደረጋቸውም፤ አጥቤ ጨረስኋቸው። የወረቀቶቹ ግን፣ አሮጌዎቹና የምወዳቸው ማለት ነው፣ እንደ ራሰ ዳቦ ሆነው ነበር።

እኔ ተስፋ ቆርጬ ፀሐይ ላይ ላሰጣቸው ስል እማማ እጄን ያዙኝ። “በርበሬ አይደለም፤ ፀሐይ አይንካው፣ ይጠቀለላል” አሉ። ስፌት ሲሰፉ የኖሩ ሴት ስለሆኑ እርጥብ ነገር ሲደርቅ የሚያመጣውን ጠባይ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። ለስፌት ካዘጋጁት ሰንደዶ አንዱን መርጠው በሁለቱ ካርታዎች መካከል ቀስ እያደረጉ አሳለፉት። አልጎተቱም፤ ሰንደዶው ራሱ መንገዱን እስኪያገኝ ጠበቁት። ካርታው ሲላቀቅ “ቢስሚላህ” ብለው በንጹሕ ነጠላ ላይ አስተኙት፣ ሌላውን አነሡ። ከዚያ ካልተጻፈበት ደብተር በተቀደደ ወረቀት መካከል አድርገው መክተፊያ ጫኑበት፣ በመክተፊያው ላይ የወፍጮ መጅ አኖሩበት። ወረቀቱ ውሃውን ሲጠጣ ይለውጡታል፤ ማታም ይለውጡታል፣ ከሱብሒ ሰላት በኋላም ይለውጡታል።

ሳሎናቸው ሞላ። የሚሰግዱባትን ጥግ ብቻ ትተው ወለሉን በሙሉ ለካርታ ሰጡት። ቤተሰቡ ማድ ቤት ውስጥ መብላት ጀመረ፤ ምራታቸው ሕፃን አዝላ በካርታዎቹ መካከል እግሯን እየመረጠች ስታልፍ አይቻለሁ። አንድ ቀን “እማማ፣ ይብቃዎት፤ አስቸገርኋችሁ” ብላቸው ተቆጡኝ። “አንተ የወደድኸውን እኔ ምን ብዬ እጥለዋለሁ?” አሉኝ። እኔ ይህን ንግግር በጽሑፍ ማስቀመጥ እንጂ መመለስ አልችልም።

ይህን ስል የጣሊያኗ ከተማ የኔፕልስ ካርታ ትዝ አለኝ። ለእኔ የሁሉም መጀመሪያ እርሱ ነው። አጎቴ ከወረራው በኋላ ደሴ ከቀረ ጣሊያናዊ መካኒክ የተቀበለው ነው። 40 ካርታ ብቻ ነው ያለው፤ ስምንት፣ ዘጠኝና ዐሥር ቁጥር የሉትም። ንግሥትም የለችበትም፤ እግረኛ፣ ፈረሰኛና ንጉሥ ናቸው ያሉት። ልጅ ሆኜ ኮንከር ከሚጫወቱበት የተለመደ ካርታ ጋር ጎን ለጎን ሳየው ንግሥቲቱ የት ሄደች ብዬ አጎቴን አስጨነቅሁት። እርሱም አላወቀም። ያ ጥያቄ ነው በየከተማው ያሉ ካርታዎች በምን እንደሚለያዩ ሳጠና ዕድሜዬን ያሳለፈኝ።

እማማ ያንን ካርታ አንድ በአንድ ሲያላቅቁ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። የሳንቲሙ አንድ ቁጥር ላይ ባለ ሁለት ራስ ንስር አለ፤ እርሱን በጸጥታ አለፉት። የበትሩ ሦስት ቁጥር ላይ በትሮቹ በሚገናኙበት ቦታ ሪዛም ፊት አለ፤ የልጅ ልጆቻቸው በሳቅ ሞቱ። የሰይፉ አምስት ቁጥር ላይ ሲደርሱ ግን ወደ መስኮቱ አቀረቡት። በሰይፎቹ መካከል ትንሽ የእርሻ ሥዕል አለበት። “ገበሬ አለበት እንዴ!” አሉና ለብቻው ነጥለው በራሳቸው መሐረብ አስተኙት። ከሌሎቹ ሁሉ አምሮ የደረቀው እርሱ ነው።

በበረካው ቡና ላይ የካርታን ታሪክ ነገርኋቸው። ካርታ ከቻይና ተነሥቶ በሙስሊሙ ዓለም በኩል እንደመጣ፣ ግብፅን ይገዙ ከነበሩት ማምሉኮች የተረፉ እጅግ ያማሩ ካርታዎች ዛሬ ኢስታንቡል በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት እንደሚገኙ ነገርኋቸው። የሰው ሥዕል እንደሌለባቸው፣ በወርቅና በሰማያዊ ሐረግ፣ በዐረብኛም ጽሑፍ እንዳጌጡ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። ምልክቶቻቸው ሰይፍ፣ ጽዋ፣ ሳንቲምና በፈረስ ላይ ሆነው ኳስ የሚመቱበት ዱላ ናቸው አልኋቸው። “እንደ ገና ዱላ ነው በለኛ!” አሉኝ። አዎን፣ ያንኑ ይመስላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1377 የፍሎረንስ ከተማ አዲስ የመጣ ጨዋታ ነው ብላ ሕግ አወጣችበት፤ ያንን ዱላ የማያውቁት ጣሊያኖችም ተራ በትር አደረጉት። በእማማ ወለል ላይ ሲደርቅ የነበረው የኔፕልስ ካርታ እነዚያኑ አራት ምልክቶች ይዞ ነው ደሴ የደረሰው። እማማ፣ አንቱ ሳያውቁት የእስልምና ዘመን እጅ ሥራ የልጅ ልጅ ነው ያዳኑልኝ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ጉልበትዎን አያሳጣኝ።

ፒያሳ ላለው ለመጽሐፍ ጠራዡ ወንድሜም ባለዕዳ ነኝ። የተላቀቁትን ካርታዎች ከስንዴ ዱቄት በሠራው ስስ ሙጫ መልሶ አገናኝቶልኛል፣ ሳንቲም አልተቀበለኝም። ከእንግሊዙ አሮጌ ካርታዬ ስፔድ የሚባለው ጥቁር ምልክት ያለበት አስ፣ አንድ ቁጥሩ ማለት ነው፣ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። “ይህ ብቻ ለምን እንዲህ አጌጠ?” ሲለኝ ደስ አለኝ፤ ዓይን ያለው ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነውና። እንግሊዝ ውስጥ በካርታ ላይ ግብር ይከፈል ነበር፤ መከፈሉ የሚታወቀውም በዚያ ካርታ ነበር። እርሱን አመሳስሎ ማተም በሞት ያስቀጣ ነበር፤ ሪቻርድ ሃርዲንግ የተባለ ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1805 በዚሁ ተሰቅሏል። ግብሩ የቀረው በዚያው አቆጣጠር በ1960 ነው፤ ጌጡ ግን እስከ ዛሬ አልቀረም። ጠራዡ ይህን ሰምቶ “ታዲያ ሰው የሞተበትን እንዴት አጣምሜ እለጥፋለሁ?” ብሎ ሥራውን እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመረው። መጋጠሚያውን ዛሬ በጣቴ ብፈልገው አላገኘውም።

ሾፌሮች፣ እናንተን እንዴት ልርሳ! የአሰብ ወደብ መንገድ በእኛ በኩል በነበረ ጊዜ ከመርከበኞች እየገዛችሁ በኮምቦልቻ በኩል ስታመጡልኝ የኖራችሁ፣ በኋላም ከጅቡቲ ያላቋረጣችሁ፣ ሳንዱቄን የሞላችሁት እናንተ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ጡረታ ወጥታችኋል፤ አንዳንዶቻችሁ በሕይወት የላችሁም፣ ነፍሳችሁን ይማር። የጎርፉን ወሬ ሰምታችሁ ከየመንገዱ ስትደውሉልኝ መጀመሪያ የጠየቃችሁኝ ስለ ቤቴ ነው፤ ሁለተኛው ጥያቄ “የእኔስ ካርታ ተረፈ?” የሚል ነበር። የሁሉም ሰጪ ስም በየፓኬቱ ጀርባ ተጽፎ ነበር፤ ቀለሙ ቢታጠብም በቃሌ ይዤዋለሁ።

ጅዳ፣ ቤይሩትና ዱባይ ያላችሁ የወሎ ልጆች፣ በላባችሁ ካገኛችሁት ከፍላችሁ ለላካችሁልኝ ርዳታ ጌታ ይክፈላችሁ። ያቺ ከጅዳ ባሎት የሚባለውን ጨዋታ የሚጫወቱበትን ካርታ የላከችልኝ ልጅም ካርታዋ ደህና መሆኑን ትወቅልኝ፤ 32ቱም ተርፈዋል።

ቅሬያችን፣ ዕድራችን ማለት ነው፣ ሞት ሳይሆን ጎርፍ መጥቶ እንኳ ድንኳን ተክሎ፣ ምግብ አቅርቦ፣ ቆርቆሮ አልብሶኛል። የሰፈሩ ወጣቶች፣ አካፋ ይዛችሁ በዚያ ዝናብ የወጣችሁ፣ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። የሥራ ባልደረቦቼም፣ የትምህርት ቤቱም ማኅበረሰብ፣ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

የቀድሞ ተማሪዎቼን በአንድ መሥመር ማለፍ አልችልም፤ ቢሆንም ብዙ ስለሆናችሁ ባጭሩ ልበላችሁ። ከ52 ካርታ አንድ አስ የመውጣት ዕድሉ ከ13 አንድ መሆኑን በካርታ ያስተማርኋችሁ፣ ከአራቱ ነገሥታት ሪዝ የሌለው የትኛው እንደሆነ በዓይናችሁ ፈልጋችሁ እንድታገኙ ያዘዝኋችሁ፣ ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ሆናችሁ በስልክ “መምህር፣ የልቡ ንጉሥ ደህና ነው?” እያላችሁ ስትጠይቁኝ ደረቴ ሞልቶ ነበር። ደህና ነው። ጫፉ ትንሽ ቆሽሿል እንጂ ሰይፉን እንደያዘ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ስማችሁም ሥራችሁም ያልተነሣ ብዙዎች አላችሁ። ውሃ ያሞቃችሁልኝ፣ ጫማ ያዋሳችሁኝ፣ በሌሊት በሬን ያንኳኳችሁ፣ ማን እንደሆናችሁ በጨለማው ያልለየኋችሁም አላችሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ። ያልጻፍኋችሁ ወረቀት ስላነሰኝ እንጂ ልቤ ስለረሳችሁ አይደለም።

አንድ ጉዳይ ይቀረኛል። በዚያ ሰሞን ከየቤቱ የመጡ ሦስት የወፍጮ መጆች፣ ሁለት ሰፌዶች፣ አንድ ትልቅ ትሪና አረንጓዴ ጠርዝ ያለው ምንጣፍ በእኔ ቤት ናቸው። ባለቤቶቻቸውን አጥቼ እንጂ አስቀርቼው አይደለምና እየመጣችሁ ውሰዱ፤ ቡናም ይፈላል።

ደግሞም፣ የአንድ ቀድሞ ተማሪዬ ስጦታ የሆነ የጃፓን ካርታ እስካሁን አልሞላም። ሃናፉዳ ይባላል፤ ከተለመደው ያነሰና የወፈረ፣ ቁጥር የሌለው፣ 48 ካርታ ነው። ለዐሥራ ሁለቱ ወራት ለእያንዳንዱ አራት አራት ካርታ አለው፣ ሥዕሉም በየወሩ የሚታወቅ አበባ ወይም ዛፍ ነው። ዛሬ በቪዲዮ ጨዋታ የሚታወቀው ኔንቴንዶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1889 ኪዮቶ ውስጥ ሥራውን የጀመረው ይህን በማተም ነው። ከታችኛው ቦይ አንድ ሕፃን አንዱን አግኝቶ “ጋሼ፣ አደይ አበባ ያለበት አገኘሁ” ብሎ በመስከረም አምጥቶልኛል፤ በእርግጥም የመስከረም ወር ካርታ ነው። ሌሎቹ አሁንም በየቦዩ አሉ ብዬ አምናለሁ። ልጆች፣ ስትጫወቱ ብታገኙ፣ ጥግ የተቀደደ ወይም ቀለሙ የለቀቀ ቢሆንም አምጡልኝ። እኔን ካጣችሁኝ ለእማማ ስጡልኝ፤ ሰንደዶው ገና አልተጣለም።

አክባሪያችሁ
የሒሳብ መምህሩ፣ ደሴ