ለልጄ፣ ኮምቦልቻ

ደሴ፣ ጥር 2017

ይድረስ ለልጄ። እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽን ብርዱ ሲበረታ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም።

በስልክ ልነግርሽ ነበር። አንቺ ግን «እሺ አባዬ፣ እሺ አባዬ» እያልሽ ታጣድፊኛለሽ፤ እኔም እቆጣለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። ማን ነገረህ እንዳትይ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ ወሬ የሀረጎን ዳገት ለመውጣት ትራንስፖርት አይጠብቅም። ለሱፐርቫይዘርሽ ሠርግ ስጦታ ልትገዢ ብር ተበድረሻል አሉ። ያውም አብራሽ ከምትኖረው ልጅ፣ ለቤት ኪራይ ካስቀመጠችው ላይ።

ተበድረሽ ስጦታ አትስጪ።

ስጦታ አትስጪ አላልኩም። ባዶ እጅሽን ሰው ቤት ግቢ ብዬም አላሳደግኩሽም። አራስ ልትጠይቂ ስትሄጂ ትንሽ ቅቤ ወይ የገንፎ ዱቄት ይበቃል። ለሕፃኑ ልብስ ካልሽ ከፍ ያለውን ቁጥር ግዢ፤ ትንንሹን ሁሉም ያመጣዋል፣ ወዲያው ይጠበዋል። ለታመመ ሰው ጭማቂ ከመሸከምሽ በፊት የስኳር በሽታ እንዳለበትና እንደሌለበት ቤተሰቡን ጠይቂ። ቡናና ስኳር የትም ቤት አያሳፍርም። ዘንድሮ ደግሞ ዐቢይ ጾምና ረመዳን የካቲት ላይ ተከታትለው ነው የሚገቡት። ለእናትሽ ወገኖች ኬክ ከያዝሽ የጾም መሆኑን አረጋግጪ፤ ለእኛ ወገኖች ቴምር ከያዝሽ ከመግሪብ በፊት አድርሺ። ከቤትሽ ያየሽው ነው፣ ግን ሥራ ሲበዛ ይረሳል።

ሠርግ ላይ ብር በፖስታ ስታስገቢ ስምሽን ከላይ ብቻ አትጻፊ፣ በቁራጭ ወረቀት ጽፈሽ ከብሩ ጋር ውስጡ ክተቺ። ብር ሲቆጠር ፖስታው ተቀዶ ይጣላል፣ ስምሽም አብሮ ይሄዳል። የእኛን ሠርግ ደብተር እናትሽ እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ አላት። ያኔ አሥር ብር የሰጠን ሰው ልጁን ሲድር ደብተሩን ገልጣ ሳታይ አትወጣም።

ለአለቃ ግን ብቻሽን ስጦታ አትስጪ። በፋብሪካው አብረውሽ የሚሠሩት የላይናችሁ ልጆች ካዋጡ እኩል አዋጪ፣ በቃ። ብቻሽን ትልቅ ዕቃ ተሸክመሽ ብትሄጂ እሷም ትሳቀቃለች፣ ጓደኞችሽም ሌላ ስም ያወጡልሻል። ከሥራ እባረራለሁ ብለሽ ፈርተሽ ከሆነ ደግሞ ስሚኝ። እኔም የፋብሪካ ሰው ነበርኩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ አንቺ ያንን አልፈሻል። መደበኛው ሥራ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፣ ከዚያ በላይ የሠራሽው ኦቨርታይም ነው፤ በራስሽ ደብተር ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቢ፣ የደሞዝ ወረቀትሽንም አትጣይ። ሰዓትሽን አክብረሽ እየገባሽ፣ ስትታመሚም ሽፍቱ ሳይጀመር እያስታወቅሽ፣ ምን አስፈርቶሽ ትበደሪያለሽ?

አጎትሽን ታስታውሺዋለሽ፤ ክራር ሲመታ ግን አልደረስሽበትም። አምባሰልን ሲመታ ጎረቤቱ ሬዲዮውን ያጠፋ ነበር። ክራሩን ራሱ ነው የሠራው። ጅማቱን አድርቆ፣ አክርሮ፣ አንድ በአንድ ቀንበሩ ላይ ጠምጥሞ። ቀንበሩ ላይ እጁ የሚያርፍበት ቦታ ወዝ ጠጥቶ ጠቁሮ ነበር። ያን ጊዜ እዚሁ ደሴ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። አለቃው ልጁን ሊድር ሆነ፤ «ያንተ ስጦታ ይታያል» አሉት፣ እሱም ተበድሮ ስጋጃ ገዛ። ሠርጉ ላይ ነበርኩ። ስጋጃው እንደተጠቀለለ ከሌሎች ስጋጃዎች ጋር ጥግ ላይ ቆመ፣ ማን አመጣው ያለ ሰው አልሰማሁም። አለቃው ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። አበዳሪው ሲመጣበት አጎትሽ ክራሩን ሸጠ። ገዢውን ባቲ ድረስ ወርጄ ፈለግኩት፤ ሰኞ ገበያ ላይ አትርፎበታል። ሌላ እንግዛልህ ስንለው «ጣቴ ደርቋል» ይላል። ጣቱ አልደረቀም ነበር። እዪው፣ ምክር ልጽፍ ተቀምጬ ወዴት ሄድኩ።

ዳንቴልሽን አትተዪ ልልሽ ነበር። ሌሊት ሽፍት ወጥተሽ ግን አትሥሪ፣ ተኝተሽ ተነስተሽ በቀን ብርሃን ሥሪ፤ ዓይን አይገዛም። ያን ለአክስትሽ የሠራሽላትን የጠረጴዛ ልብስ እንግዳ ካልመጣ አታነጥፈውም። ለሙሽራ እንደዚያ ያለ ነገር ይዘሽ ብትሄጂ ማን ያፍርብሻል? ብቻ ቀደም ብለሽ ጀምሪው። በነጻ ሥሪልን የሚሉሽን ደግሞ ክሩን ይዛችሁ ኑ በያቸው፤ ግማሹ አይመለስም።

ዕቃውን ካልገዛሽ ብሩን ዛሬውኑ መልሺላት። ከገዛሽ ደግሞ ከዚህኛው ደሞዝ ይህን ያህል፣ ከሚቀጥለው ይህን ያህል ብለሽ ቁርጡን ንገሪያት። በቴሌግራም እንዳትጽፊላት! አንድ ቤት እያደራችሁ? ቡና አፍዪና ቶናው ላይ ንገሪያት፤ አቦል ላይ ሰው ገና ከድካሙ አልወጣም። ብሩ በቀኑ የማይሞላልሽ ከመሰለሽም ቀኑ ሳይደርስ ተናገሪ፤ ካለፈ በኋላ የምትናገሪውን ሁሉ ሰበብ ነው የምትለው። ከእኛ ልትደብቂ ብለሽ ስልክ እንዳታጠፊ። ካርድ ካለቀብሽ ሚስኮል አድርጊ፣ እኔ እደውላለሁ።

አብሽሪ ልጄ። ተቆጥቼ አይደለም። ተቆጥቼም ነው። ተበድረሽ ስጦታ አትስጪ።

ሽሮ፣ በርበሬና ቅቤ ልከንልሻል፣ ሚኒባሱ መናኸሪያ ሲደርስ ሾፌሩ ይደውልልሻል፤ ሒሳቡን ከፍለናል፣ ድጋሚ እንዳትከፍይ። ኮምቦልቻ ሙቀት ነውና ቅቤውን ከመስኮቱ አርቂው። ትልቁ ቆርቆሮ የጎረቤት ነው፣ አጥበሽ በዚያው ሾፌር መልሺው፤ እናትሽ በየቀኑ እየተጠየቀች ነው።

አባትሽ