የካራማራ ወታደር ደብዳቤም ታሪክ ነው

ጋዜጣችሁ ስለ ካራማራ ድል፣ የኢትዮጵያ ጦር ጅጅጋ አጠገብ የሶማሊያን ወራሪ ጦር ስላሸነፈበት ውጊያ፣ ያወጣውን ጽሑፍ አነበብኩ። ታንኩም አለ፣ ጄኔራሎቹም አሉ፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የሚለው ቀንም አለ። ተራው ወታደር ግን የለበትም። የሱ ድምፅ የቀረው ለሚስቱና ለልጆቹ በላካቸው ደብዳቤዎች ውስጥ ነው።

አባቴ ከምሥራቅ ግንባር የላካቸው ሰባት ደብዳቤዎች እናቴ ሣጥን ውስጥ፣ በነጠላ ተጠቅልለው ነው የኖሩት። ሁሉም «ከናፍቆታችሁ በቀር እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ» ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ ስለ ጦርነቱ ሁለት መስመር፣ ስለ ላሟ ግን ግማሽ ገጽ፦ ወለደች ወይ፣ ጥጃው ወንድ ነው ሴት፣ ትልቁ ልጅ ፊደል ለየ ወይ። ይህን ከየትኛው የጦር ሪፖርት ታገኛላችሁ? እናቴ ያኔ ማንበብ ስለማትችል የጎረቤት ተማሪ ነበር የሚያነብላት (የናፍቆቱ ቦታ ላይ ሲደርስ አፍሮ ይዘለው እንደነበር ዛሬም እየሳቀች ታወራለች)። የተዘለለውን ራሷ ያነበበችው በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ ነው።

ደግሞ ጊዜ የለም። ደብዳቤዎቹ የተጻፉት በእርሳስ ነው፣ ወረቀቱ ማጠፊያው ላይ ተበጥሷል። ተቀባዮቹ አርጅተዋል፤ እነሱ ሲያልፉ ቤት የሚያጸዳ ሰው አሮጌ ወረቀት ነው ብሎ ይጥለዋል። የአጎቴ ደብዳቤዎች የጠፉት እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ በየዓመቱ የካቲት ላይ አንድ ገጽ ለነዚህ ደብዳቤዎች ይስጥ። ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱም ስካን አድርጎ ዋናውን እዚያው በዚያው ለቤተሰቡ ይመልስ። ካልተመለሰ ማንም አያመጣም፣ እኔም አላመጣም።