ስማቸውን አደራ

ይድረስ ለወዳጄ ለዮናስ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡ ሁሉ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጠፋፋን ስንት ጊዜ ሆነን! ሮም 2.4ን፣ ያን ብዙ ሰው በኢንተርኔት አብሮ የሚጫወተውን የጽሑፍ ጨዋታ ኮድ፣ በራስህ ሰርቨር ላይ ልታስነሳ መሆኑን ብሰማ ደስ አለኝና ይህን ጻፍኩልህ። አደራዬ አንድ ነው፤ የደከሙበትን ሰዎች ስም ጠብቅላቸው።

የሮም ሥሩ ዲኩማድ የሚባለው ቀደም ያለ የጨዋታ ኮድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ አምስት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች፣ ሰባስቲያን ሃመር፣ ቶም ማድሰን፣ ካትያ ኒቦ፣ ሚካኤል ሳይፈርትና ሃንስ ሄንሪክ ስቴርፌልት፣ በሲ ቋንቋ መጻፍ ጀመሩት። በማግሥቱ ዓመት ኮዱን ያለ ክፍያ ለቀቁት። ሥራቸው ዛሬም ያስደንቀኛል። አንድ ፕሮሰስ ብቻውን፣ ሥራውን ጎን ለጎን ለሚሄዱ ክሮች (ትሬድ) ሳይከፋፍል፣ በሰከንድ 4 ጊዜ እየዞረ የተጫዋቾችን ትእዛዝ ሁሉ ያነባል፤ ውጊያው በየ12 ዙሩ፣ ማለትም በየ3 ሰከንዱ ይካሄዳል። አንተ የያዝከው ኮድም የሚሄደው በዚሁ ምት ነው።

ለዚህ ሁሉ የጠየቁት ጥቂት ነው። በጨዋታው ማንም አይነግድበት፤ ስማችን በመግቢያው ላይ ይታይ፤ «ክሬዲትስ» ብሎ ለሚጽፍ ተጫዋችም ይነበብ። ከእነሱ በኋላ ከዲኩማድ ተነሥተው ሜርክ የተባለውን ኮድ የሠሩት ፊዩሪ፣ ሃቼትና ካን፣ ከሜርክ ተነሥተው ሮምን የሠሩት ሩስ ቴይለር፣ ጋብሪዬል ቴይለርና ብራያን ሙር አሉ። አንዱ ሌላውን አይተካም፤ ሁሉም ይጻፋሉ።

ስም የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ መግቢያውን ለማሳመር ሲባል ነው። ተጫዋቹ የሚገባበት የቴልኔት (የጽሑፍ መገናኛ) መስኮት በተለምዶ 24 መስመር ነው፤ በፊደላት የተሠራ ትልቅ ሥዕል ከላይ ከደረደርክ ቀሪው ተገፍቶ ከዓይን ይወጣል። ሥዕሉን ከ15 መስመር አታሳልፈው፤ ስሞቹን ከሥሩ አድርጋቸው። የመግቢያው ጽሑፍ ያለው በእገዛ ፋይሉ ውስጥ «ግሪቲንግ» በሚለው ርዕስ ሥር ነው። መጀመሪያው ላይ ያለችውን ነጥብ አታጥፋት። አንባቢው ኮድ ከጽሑፍ በፊት ያለን ክፍት ቦታ ስለሚዘል፣ እሷ ከሌለች የሥዕልህ የመጀመሪያ መስመር ወደ ግራ ይሸሻል።

ጽሑፉን የምትዘጋውን ቲልዳ (~ ምልክት) ደግሞ ከሁሉ በላይ ተጠንቀቅላት። ከተሰረዘች ኮዱ እስከሚቀጥለው ቲልዳ ድረስ ያለውን ሁሉ እንደ አንድ ጽሑፍ ይውጠዋል። ከዚያ ቁጥር ሲጠብቅ ፊደል ያገኝና ሰርቨሩ ሳይነሳ ይቀራል። የስህተት መልእክቱ የሚያሳይህ መስመር ከጥፋቱ በታች ስለሆነ ፍለጋህን ወደ ላይ አድርግ።

የጨዋታውን ከተሞችና ዋሻዎች የጻፉትንም አትርሳ። እነሱም ያለ ደሞዝ ነው የሠሩት፣ የሚያስታውሳቸው ግን ጥቂት ነው። የብዙዎቹ ስም ያለው በየአካባቢው ፋይል ራስጌ፣ አካባቢው ለየትኛው የተጫዋች ደረጃ እንደሆነ ከሚገልጸው ቁጥር ቀጥሎ ነው፤ ተጫዋቹ «ኤሪያስ» ብሎ ሲጽፍ የሚታየውም እሱ ነው። የአካባቢውን ስም ብትቀይር እንኳ የጸሐፊውን እንዳለ ተወው።

ለሕዝብ ከመክፈትህ በፊት የመግቢያውን ጽሑፍ ላክልኝ፤ የጎደለ ስም ካለ አብረን እናየዋለን።

ወዳጅህ
ብሩክ