ስለዚያች የአሉሚኒየም ትሪ ትንሽ ልበል

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

አሜሪካኖቹ «ቲቪ ዲነር» ስለሚሉት፣ በትሪ ተዘጋጅቶና ቀዝቅዞ ስለሚሸጠው ራት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አነበብኩት። ወድጄዋለሁ። ግን ሁለት ነገሮች ዝም ሊያሰኙኝ አልቻሉም። አንዱ፣ ሙሉውን ታሪክ ለአንድ የሽያጭ ሠራተኛ መስጠታችሁ ነው። ሌላው፣ ምግቡን «ቤተሰብን ከገበታ የበተነ» ማለታችሁ።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ እረዳለሁ። አሁን አብሬያቸው የምውለው ሴትዮ 90 ዓመት አልፏቸዋል። «እማማ» ነው የምላቸው፤ ለምደውታል፣ አቤት ይላሉ። መሳቢያቸው ውስጥ ሦስት ቦታ የተከፈለች የድሮ የአሉሚኒየም ትሪ አለች። የልብስ ቁልፍና መርፌ ያስቀምጡባታል። ታሪኩን መከታተል የጀመርኩት በእሷ ምክንያት ነው።

ስዋንሰን የተባለው የኦማሃ ኩባንያ ይህንን ምግብ እ.ኤ.አ. በ1953 እና 1954 ገበያ ሲያወጣ፣ መንገዱ ቀድሞ ተጠርጎለት ነበር። ምግብን በፍጥነት የማቀዝቀዝ ዘዴን የፈለሰፈው አሜሪካዊ ክላረንስ በርድስአይ፣ ዛሬ የካናዳ ክፍል ወደሆነችው ላብራዶር ሄዶ፣ የአገሬው ሰዎች ያጠመዱት ዓሣ በዚያ ብርድ ወዲያው በረዶ ሲሆን አይቷል። ቀስ ብሎ በሚቀዘቅዝ ሥጋ ውስጥ ትልልቅ በረዶ ይሠራል፤ ሥጋውን ይቀዳድደዋል፤ ሲሟሟ ጣዕሙ ከውሃው ጋር ይፈሳል። በፍጥነት ከቀዘቀዘ ግን በረዶው ደቃቅ ስለሆነ ሥጋው እንዳለ ይቆያል። በ1945 ማክሰን የተባለ ኩባንያ በዚሁ ዘዴ ለአውሮፕላን ተጓዦች ሙሉ ራት አዘጋጀ። በ1949 ደግሞ የበርንስታይን ወንድማማቾች ፒትስበርግ ውስጥ በአሉሚኒየም ትሪ መሸጥ ጀመሩ። በገበያው በኩል ስዋንሰን የጨመረው ስሙንና ማስታወቂያውን ነው። ካርቶኑ ራሱ የቴሌቪዥን ምስል ነበረው፣ ከነማዞሪያ ቁልፎቹ። ዋጋው 98 ሳንቲም። ውስጡ ተርኪ (ዶሮ መሰል ትልቅ ወፍ)፣ አተርና ስኳር ድንች።

ምግቡ የተፈጠረው 260 ቶን ተርኪ ተርፎ በባቡር ሲንከራተት ነው የሚለው ታሪክ የሽያጭ ሠራተኛው የጄሪ ቶማስ ነው። የስዋንሰን ቤተሰብ ግን አልተቀበለውም። እናንተ እንደተረጋገጠ አድርጋችሁ ጻፋችሁት። ቤቲ ክሮኒንን ግን በስም እንኳ አላነሳችኋትም። ክሮኒን የኩባንያው የባክቴሪያ ባለሙያ ነበረች። ሥጋው፣ አተሩና ድንቹ በአንድ ምድጃ ገብተው እኩል እንዲደርሱ፣ በዚያው ላይ ጀርሙ እንዲሞት ያደረገችው እሷ ናት። ምስርና ሽሮ ጎን ለጎን ጥዶ ሁለቱንም በአንድ ደቂቃ ለማውረድ የሞከረ ሰው የዚህን ድካም ያውቀዋል። ያለ እሷ ያ ትሪ ግማሹ ያረረ፣ ግማሹ ጥሬ ነበር የሚሆነው።

ወደ ገበታው ልምጣ። በ1950 ቴሌቪዥን የነበራቸው ከመቶ ቤተሰብ 9 ያህሉ ናቸው። በ1955 ከመቶ ወደ 65 ደርሰዋል። ሰውን ከጠረጴዛው ያስነሳው ሳጥኑ ነው፤ ትሪዋ ተከትላ መጣች። በዚያው ዘመን ባለትዳር ሴቶች በብዛት ሥራ ይገቡ ነበር። እማማም አንዷ ናቸው፤ ስልክ ቤት ነበር የሚሠሩት። ሲመሽ ይገባሉ፣ ሁለት ትሪ ምድጃ ውስጥ ያስገባሉ፣ 25 ደቂቃ ይጠብቃሉ። «ጫማዬን አውልቄ የተቀመጥኩት ያኔ ነው» ይሉኛል። ባላቸው መጀመሪያ አኩርፈው ነበር፤ በኋላ ራሳቸው እያሞቁ መብላት ለመዱ። ይህንን መበተን አልለውም። እኛስ እሑድ ወጡን ሠርተን፣ በየዕቃው ከፋፍለን ፍሪዘር አይደል የምንከተው? እንጀራውንም ጭምር። ሁለት ሥራ የምትሠራ እናት ልጆቿን የምታበላው በዚህ ነው። እሷን ሰነፍ የሚላት ሰው ልቤን ያቆስለዋል።

ጽሑፋችሁ ያላየው ሌላ ነገር አለ። ዛሬ ትሪው ፕላስቲክ ነው፤ ማይክሮዌቭ በጥቂት ደቂቃ ያደርሰዋል። ከሚበሉት መካከል እንደ እማማ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን አሉ። ጨው ቀንሱ ስለተባሉ ከካርቶኑ ጀርባ ያለውን ቁጥር አነብላቸዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ መልሰን እናስቀምጠዋለን። የሚከብደኝ ግን ጨው ብቻ አይደለም። እኔ በማልገባበት ቀን ከቴሌቪዥኑ ጋር ብቻቸውን እንደሚበሉ አውቃለሁ። በምገባበት ቀን ቴሌቪዥኑን አጥፍተን፣ እሳቸው የእሳቸውን፣ እኔ ከቤት ያመጣሁትን ሽሮ ይዘን አንድ ጠረጴዛ ላይ እንቀመጣለን። ባለፈው ሳምንት አጎረስኳቸው።

ስለ ምግቡ እንደገና የምትጽፉ ከሆነ፣ እንዲህ ያሉ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዳችሁ አነጋግሩ። የክሮኒንን ስም ግን በሚቀጥለው እትማችሁ እርማት አድርጋችሁ እንድታወጡት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከሜሪላንድ