ባንኩ ባያስገድድም የጎርፍ ኢንሹራንስ ይገዛ

ለአዘጋጁ፤

መንግሥት በካርታ ለጎርፍ አስጊ ብሎ ከለየው ቀጣና ውጭ ቤት ያለው ሰው የጎርፍ ኢንሹራንስ ያስፈልገዋል ወይ በሚለው ላይ ሐሳቤን ልስጥ። እኔ ያስፈልገዋል ባይ ነኝ።

ለቤት መግዣ የሚያበድረን ባንክ ብዙውን ጊዜ ኢንሹራንሱን ግዙ ብሎ የሚያስገድደው ቤታቸው በቀጣናው ውስጥ ያለውን ነው። ስለዚህ እዚህ ሂዩስተን ያለን ሐበሾች «ባንኩ ካላስገደደኝ ለምን እከፍላለሁ?» እንላለን። እኔም እንዲሁ እል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ሐሪኬን ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ግን ሂዩስተን ባለችበት በሃሪስ ካውንቲ ውኃ ከገባባቸው ቤቶች አብዛኞቹ ከቀጣናው ውጭ ነበሩ። ዝናብ ካርታ አይቶ አይዘንብም። ጎረቤቴ ቤት የገባው ውኃ ከቁርጭምጭሚት አላለፈም። ምንጣፉ ግን ተነቅሎ፣ ግድግዳው እስከ ወገብ ተቆርጦ ደጅ ተከመረ። ለልጇ ሰርግ ያሰፋችው የሐበሻ ቀሚስ ሻንጣው ውስጥ እንዳለ ሻገተ።

መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ደግሞ ጎርፍን አይሸፍንም። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ውኃው ከገባ በኋላ ነው። ክፍያው ለሁሉም ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቤትን ከባዶ ማደስ ግን ይብሳል።

በፌዴራል መንግሥቱ የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራም የተገዛ ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ ሥራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ነው። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ጁን 1 ይገባል። ስለዚህ ኤፕሪል ሳያልቅ ዋጋ ጠይቁ። ቤት የምታሻሽጡ ወገኖቻችንም፣ ገዢው ከመፈረሙ በፊት የጎርፍ ኢንሹራንሱን ዋጋ በአማርኛ አስረዱት።

አንድ የሂዩስተን ነዋሪ